ሰው በእሳት ጊዜ በየትኛው በር ይወጣል? ለእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ብዙ ሰው የሚይዙ ሕንፃዎችን የአደጋ ጊዜ መውጫ በቪዲዮ ጌም ስለ መፈተሽ

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ ኃላፊዎችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በእሳት ደህንነት ምሕንድስና፣ በሥነ ሕንፃና በጌም ፕሮግራም ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ጥያቄያችን አጭር ነው። በከተማችን ብዙ ሰው ከሚይዙት ሕንፃዎች ሦስቱን ምረጡና፣ ሰዉ በአደጋ ጊዜ የትኛውን በር ይዞ እንደሚወጣ በቪዲዮ ጌም አብረን እንፈትሽ። ጌም የልጆች መዝናኛ ብቻ ለሚመስለው ሰው ሐሳቡ ቀልድ ሊሆንበት ስለሚችል፣ ከምን ተነስተን ይህን እንደምንል፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት የት እንደሚበላሽ ዘርዝረን እናቀርባለን።

ከስሌት እንጀምር። ከምድር በላይ ባሉት ፎቆች 400 ሰው የሚውልበት ሕንፃ አለ እንበል። ሁለት ደረጃ አለው፣ ዋናውና የኋላው፤ የሁለቱም ስፋት 1.2 ሜትር ነው። ወራጅ ሰው ከግድግዳውና ከእጅ መደገፊያው ፈንጠር ብሎ ስለሚሄድ መሐንዲስ ከየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ይቀንሳል፤ የሚሠራው ስፋት 90 ሳንቲሜትር ይሆናል። በአንድ ሜትር የደረጃ ስፋት፣ ነገሩ ሁሉ ሲመቻች፣ በሰከንድ አንድ ሰው ያህል ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረጃ በሰከንድ የሚያወርደው 0.9 ሰው ነው። ሰዉ እኩል ቢካፈል 200ው በአንዱ፣ 200ው በሌላው ወርዶ ሁሉም በ3 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ያልቃል። ከመቶ 70ው ዋናውን ከመረጠ ግን 5 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ይፈጃል። ከመቶ 90ው ከመረጠ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው፤ የኋላው ደረጃ የለም ቢባል እንኳ ከሚወስደው 7 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ብዙም አይርቅም። የኋላው ደረጃ በኮንክሪትም በብረትም ተሠርቷል፣ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ፕላኑ ላይ አለ። ሰው ካላስታወሰው ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

የመውጫ ስሌት ሲሠራ ብዙ ጊዜ እኩል ክፍፍል ታሳቢ ይደረጋል። ይህን ታሳቢ ከየትኛውም ቀመር ማግኘት አይቻልም፤ የሚታወቀው ሰዎች ሲመርጡ በማየት ነው። ጌሙን የምንፈልገው ለዚህች አንዲት ቁጥር ነው፤ ከመቶ ስንቱ በየትኛው በር?

ሰው ወደ ገባበት በር እንደሚመለስ አደጋዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ዌስት ዋርዊክ ከተማ በሚገኝ የምሽት ክበብ እሳት ተነስቶ 100 ሰው ሞቷል። ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፤ አብዛኛው ሰው ግን ወደ ገባበት ዋና በር ስለሄደ መተላለፊያው ሰው በሰው ላይ ወድቆ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው አይል ኦፍ ማን ደሴት፣ በሰመርላንድ የመዝናኛ ማዕከል በደረሰው፣ 50 ሰው በገደለው ቃጠሎ ላይ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆናታን ሳይም ባደረገው ጥናት፣ ሰዎች ወደሚያውቁት ሰውና ወደሚያውቁት ቦታ እንደሚሄዱ ታይቷል። ወላጅ መጀመሪያ ልጁን ይፈልጋል፤ ሠራተኛ በሠራተኛ በር ይወጣል። ይህ የእኛም ሰው ጠባይ ነው፤ ልጇን ሁለተኛ ፎቅ ትታ ወደ መውጫ የምትሮጥ እናት የለችም። ሁሉም ለየራሱ ብቻውን ይሮጣል ብሎ የሚነሳ ስሌት ከመነሻው ተሳስቷል።

ታዲያ ለምን የእውነት ልምምድ አይደረግም? ይደረግ፤ እኛም እንፈልገዋለን። ነገር ግን በልምምድ ደረጃው ውስጥ ጭስ መልቀቅ አይቻልም። መብራት አጥፍቶ 400 ሰው በደረጃ ማውረድ ራሱ አደጋ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሰው ሳያውቅ የሚፈተነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ልምምድ የሚያሳየው የተማረውን ነው። ጌም ላይ ግን አንዱን ሕንፃ ጭስ ያለበት፣ ጭስ የሌለበት፣ ምልክቱ የተቀየረ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አምጥቶ መሞከር ይቻላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ የደርሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሀፍ ላይፍ 2 የተባለው የተኩስ ጨዋታ የተሠራበትን ሞተር (የጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ወስደው የራሳቸውን የትምህርት ክፍል ሕንፃ ገንብተውበታል፤ አንድ ሰው ሥራውን በሦስት ሳምንት ጨርሶታል። በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድን ሆቴል በእውን በሌሊት፣ ከዚያም በጌም ፈትሾ፣ የመውጫ ምርጫው በጥቅሉ ተቀራራቢ መሆኑን፣ ጭስ ሲኖር ደግሞ ከወለሉ አጠገብ የተሰቀለ ምልክት ሰዉን ወደ ቅርቡ መውጫ እንደሚመራ እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትሟል። በስዊዘርላንድ የዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሥራ 36 ሰዎችን በአንድ ጊዜ በአንድ ምናባዊ ሕንፃ ውስጥ አስገብቶ ጭንቀት ሲጨምር መጨናነቁ እንደሚብስ አሳይቷል። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ጎብኚዎች የተጫወቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ከላይ ወደ ታች የሚታይ እጅግ ቀላል ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾቹ ሲጣደፉ ወደ ገቡበት መንገድ የመመለስ ዝንባሌያቸው ጨመረ፤ ወረፋው ሲረዝም እያዩም መንገድ መቀየር ከበዳቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ውድ መሣሪያ የግድ እንዳልሆነም ጥናቱ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ፕላኑን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር መሄድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ፕላን ላይ በር ያለበት ቦታ ዛሬ ሱቅ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው የሌዘር ሜትርና ካሜራ ይዞ ሕንፃውን ፎቅ በፎቅ ይዞራል። የሚመዘገበው የእያንዳንዱ በር ጥርት ያለ ክፍተት (ክፈፉ ሳይሆን ሰው የሚያልፍበት)፣ በሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መከፈቱ፣ የደረጃው ስፋት፣ የእርከኑ ቁመትና ጥልቀት፣ መደገፊያው በየትኛው ጎን እንዳለ፣ መብራት ሲጠፋ በጀነሬተር ወይም በባትሪ የሚበራው የትኛው አምፖል እንደሆነ ነው። በተጨማሪም ደረጃው ላይ የተከመረው ካርቶን፣ የፍተሻው ጠረጴዛ፣ የብረት ፍርግርጉና ጓጉንቸሩ፣ ቁልፉን የያዘው የጥበቃ ሠራተኛ ከየት ሰዓት እስከ የት ሰዓት እንደሚገኝ ይጻፋል። ሕንፃው በሥራ ሰዓትና ማታ ሁለት የተለያየ ሕንፃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድንል ይፈቀድልን። የተቆለፈ የአደጋ በር ሰው እንደሚገድል ለማወቅ ጌም አያስፈልግም። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በልኬታው ጊዜ እንዲህ ያለ በር ከተገኘ በዚያው ቀን ይከፈት፤ ጥናቱ እስኪያልቅ አይጠበቅ። ሌባ ያስቸግራል የሚባለው እውነት ነው። ለዚህም ከውስጥ በአካል ሲገፋ ብቻ የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው፣ ሲከፈት የሚጮህ የበር መቆለፊያ አለ።

ከልኬታው በኋላ ሞዴሉ ይሠራል። ብሌንደር ለቅርጹ፣ ጎዶት ለጨዋታው በቂ ናቸው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ዩኒቲ ወይም አንሪል የተባሉትን ሌሎች የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች የለመደ ባለሙያ በእነሱ ቢሠራ ችግር የለም። ከባዱ ነገር የጌም ሠሪን ልማድ መተው ነው። በንግድ ጌም ውስጥ በርና ኮሪደር ለካሜራው እንዲመች ሆን ተብሎ ይሰፋል፤ እዚህ ግን 85 ሳንቲሜትር የሆነ በር 85 መሆን አለበት። በጌም ገጸ ባሕሪው በሰከንድ ብዙ ሜትር ይሮጣል፤ እኛ በሜዳ ወለል በሰከንድ ከ1.2 ሜትር፣ በደረጃ ከ0.8 ሜትር እንዳያልፍ እንገድበዋለን። መዝለል፣ ከመደገፊያ ላይ መወርወር፣ በግድግዳ ማለፍ ይዘጋል። ካልተዘጋ ከተሳታፊዎቹ አንዱ በእርግጠኝነት ከሦስተኛ ፎቅ ይዘላል፤ ያ ሰው ደግሞ ስለ ሕንፃው ምንም አይነግረንም።

ጭሱም እንደዚሁ። ጌም ውስጥ ያለ ጭስ የሚሠራው እንዲያምር ነው፤ የሚያስፈልገን ግን ዓይን የሚጋርደው ልክ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታዳሂሳ ጂን ያወጣው የታወቀ መለኪያ አለ። የጭሱ ብርሃን የመዋጥ ኃይል በሜትር 0.5 ከሆነ፣ ብርሃን የማይሰጥ ተራ ምልክት ከ6 ሜትር ገደማ፣ ከውስጡ የሚበራ ምልክት ደግሞ ከ16 ሜትር ገደማ ይታያል። ፕሮግራሙ ውስጥ ይህ ቁጥር ካልገባ፣ ተሳታፊው በእውነቱ ቢሆን የማያየውን ምልክት እያየ ይወጣና በተሳሳተ ውጤት እንጽናናለን።

አቀራረቡ ከሞዴሉ ይበልጣል። ተሳታፊው መጀመሪያ ከሕንፃው ጋር በማይገናኝ ባዶ ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይለማመዳል፤ 90 ሳንቲሜትር በር ሳይነካ ሁለት ጊዜ ካለፈ ዝግጁ ነው። ከዚያ «ሦስተኛ ፎቅ ያለው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሂድና ስልክህን ተቀበል» ይባላል። እሳት የሚል ቃል አይነገረውም። በዋናው በር፣ በፍተሻው በኩል ራሱ እየተራመደ ይገባል። ይህን ክፍል ለማሳጠር ብለው ሰዉን በቀጥታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሥራውን የሚያበላሸው ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። የገባበትን መንገድ ያላየ ሰው የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ልንለካው የመጣነው ዝንባሌ ሳይፈጠር ቀረ ማለት ነው። ስልኩን ሲቀበል ደወሉ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ማንም አይናገረውም። በስክሪኑ ላይ ነጥብ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ «አሸነፍክ» የሚል ጽሑፍ አይኖርም፤ ቆጣሪ ያየ ሰው ውድድር ይጀምራል።

ፕሮግራሙ በሰከንድ 10 ጊዜ የሰውየውን ቦታ፣ የሚያይበትን አቅጣጫ፣ የነካውን በር ይመዘግባል። ለ5 ደቂቃ ጨዋታ 3000 መስመር ጽሑፍ ነው፤ በማንኛውም ላፕቶፕ ይያዛል። ስም አይጻፍም፤ መለያ ቁጥር፣ የዕድሜ ክልል፣ ጾታ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ጌም እንደሚጫወት፣ እውነተኛው ሕንፃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባ ብቻ።

አራት ሁኔታ እንዲሞከር እንመክራለን። ሕንፃው ዛሬ እንዳለ፤ ዋናው ደረጃ ላይ ጭስ ሲኖር፤ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ 15 ሰከንድ ጨለማ ሲሆን፤ አራተኛው የኋላው በር ላይ አዲስ ምልክት ተሰቅሎ። በምልክቱ ላይ የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለመንገድ ዋሻ ያደረጉት የምናባዊ እውነታ ሙከራ ጥሩ መነሻ ይሰጠናል፤ ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ ወይም ነጭ መብራት ከሰማያዊ፣ በሰከንድ 1 ወይም 4 ጊዜ የሚበራው ደግሞ በ4 ሰከንድ አንዴ ከሚበራው ተሽሎ ተገኝቷል። በእኛ ሕንፃዎች ቀዩም አረንጓዴውም፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈውም አለ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ከሯጩ ሰው ሥዕል ጋር ሲሆን ምን ለውጥ እንደሚያመጣ በሙከራ ማወቅ ይቻላል።

አንድ ሰው አንድ ሁኔታ ብቻ ይጫወታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ያውቃልና። ለእያንዳንዱ 30 ሰው ቢሆን 120 ሰው ነው። ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ ይበቃል፤ በሁለት ኮምፒውተር 25 ሰዓት፣ ማለትም አራት የሥራ ቀን ገደማ። የቁጥሩን አቅም ግን አናጋንን። ከ30 ሰው 12ቱ የኋላውን በር ቢመርጡ 40 በመቶ ነው እንላለን፤ እውነተኛው ግን ከ25 እስከ 58 በመቶ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። አንድ በር ፈጽሞ እየተረሳ መሆኑን ለማየት ይህ በቂ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ምልክቶችን ለማበላለጥ አይበቃም፤ ለዚያ ለእያንዳንዱ ከ100 በላይ ሰው ያስፈልጋል።

ተሳታፊ ከየት ይምጣ? ጌም ቤት ሄዶ 120 ወጣት መሰብሰብ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ውጤቱም የወጣት ወንዶች ውጤት ይሆናል። የደርሃሙም ሥራ የጌም ልምድ ያለውና የሌለው ሰው ውጤት እንደሚለያይ አስጠንቅቋል። በሕንፃው የሚውሉት ነጋዴዎች፣ የፅዳትና የጥበቃ ሠራተኞች፣ ገበያተኞች፣ አረጋውያን መግባት አለባቸው። ማውስ ይዘው ለማያውቁ እናትና አባቶች ረዳት አጠገባቸው ይቀመጥና እነሱ «ወደ ግራ»፣ «ቁም»፣ «በዚያች በር» እያሉ እሱ ያንቀሳቅሳል። ይህ መረጃ ለብቻው ይቀመጣል፤ ፍጥነቱ ዋጋ የለውም፣ ምርጫው ግን ከማንኛውም ወጣት ምርጫ እኩል ዋጋ አለው። ዓይን ላይ ተደርጎ ምናባዊውን ሕንፃ ዙሪያውን የሚያሳየውን የቪአር መነፅር ለመጀመሪያው ጥናት አንመክርም። በተለይ ደረጃ ሲወረድ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የሚያቋርጠው ሰው ሲበዛ ናሙናው ይዛባል።

የሌላው ሰው ሁኔታም መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1968 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላታኔና ዳርሊ በአሜሪካ ባደረጉት ሙከራ፣ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ሲገባ ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ሄደው ተናግረዋል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ከሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ከነበሩት ግን 10 በመቶው ብቻ። ስለዚህ በጌሙ ውስጥ ደወሉ እየጮኸ ዕቃ መቁጠሩን የሚቀጥል ባለሱቅ ይኑር። የአዲስ አበባ ነጋዴ ሱቁን ክፍት ጥሎ አይወጣም፤ መዝጊያውን እስኪያወርድ ድረስ ደንበኛውም ቆሞ ያየዋል። ደወሉን በድምፅ መልእክት መተካትም ይሞከር። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ ኒውካስል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የተደረገው የልምምድ ጥናት፣ ደወል ብቻውን ሰዉን እንደማያነቃንቅ፣ ምን እንደተፈጠረና በየት እንደሚወጣ የሚናገር ድምፅ ግን እንደሚያነቃንቅ አሳይቷል።

ጌም የማይነግረንን በግልጽ እንናገር። ሙቀት የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ትንፋሽ አያሳጥርም። ልጅ አዝላ የምትወርድ ሴት ክብደት አይሰማትም። ስለዚህ ሕንፃው በስንት ደቂቃ ባዶ እንደሚሆን ከጌም ሰዓት ላይ ቀድቶ መጻፍ አይገባም። ከጌሙ የሚወሰደው የበር ክፍፍሉ፣ ሰዉ ቆሞ ያመነታበት ቦታና የተሳሳተ መታጠፊያ ነው። ጊዜው ላይኛው ዓይነት ስሌት ውስጥ ክፍፍሉን አስገብቶ ይሰላል። ማጣሪያውም አንድ የእውነት ልምምድ ነው። ጌሙ 70 በመቶው በዋናው ይወጣል ካለ በልምምዱ ቀን በየበሩ የሚወጣውን የሚቆጥሩ ሁለት ሰዎች ይቁሙ። ተቀራራቢ ከሆነ ሞዴሉ ይታመናል። ካልሆነ ሞዴሉ ነው የሚታረመው።

ለተሳታፊዎች ክብርም እንጨነቃለን። የእሳት ቃል ባይነገርም፣ የሚያስደነግጥ ነገር ሊያዩ እንደሚችሉና ባሻቸው ሰዓት ማቋረጥ እንደሚችሉ አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ አይገባም፤ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው አይጋበዝም፤ ሲያልቅ የሙከራው ዓላማ ተብራርቶ እውነተኛው የኋላ በር የት እንዳለ ይታያል። የሕንፃው ሞዴል የጥበቃ ቦታና የቁልፍ መረጃ ስለሚይዝ ኢንተርኔት ላይ አይለቀቅ፤ ቅጂው በኮሚሽኑ እጅ ይቀመጥ።

ከኮሚሽኑ የምንጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ የገበያ ማዕከል፣ አንድ ጂ+7 ኮንዶሚኒየምና አንድ የተማሪዎች ማደሪያ እንድትመርጡና ለባለቤቶቹ የትብብር ደብዳቤ እንድትጽፉ። በልኬታው ቀን ደረጃ ላይ ጭስ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኑ ያየ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አብሮን እንዲዞር፤ በጌሙ ጭሱ ከየት ይነሳ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ወደፊት ከሚደርሱ ቃጠሎዎች በኋላ ደግሞ ከሕንፃው የወጡ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጥያቄ እንዲጠየቁ፦ የት ነበሩ፣ መጀመሪያ ምን አዩ ወይም ሰሙ፣ ከመውጣታቸው በፊት ምን ሠሩ፣ በየትኛው በር ወጡ። ይህ መዝገብ ከማንኛውም ጌም ይበልጣል፤ የእኛንም ሞዴል የሚፈትነው እሱ ነው።

ለመጀመሪያው ሕንፃ ልኬታው አንድ ሳምንት፣ ሞዴሉ አራት ሳምንት፣ ሙከራው አንድ ሳምንት፣ ትንተናው ሁለት ሳምንት ይወስዳል ብለን እንገምታለን። ፕሮግራሙንና የአሠራር መመሪያውን ያለ ክፍያ ለኮሚሽኑ እናስረክባለን፤ ሁለት የኮሚሽኑ ሠራተኞችም ሦስተኛውን ሕንፃ ራሳቸው እንዲሠሩት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረውን ቢሆኑ ደስ ይለናል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን
ለሕንፃ ባለቤቶችና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴዎች